የገሳሬ አውራ ጣት

እናቴን የቀበርን ዕለት ንግግር እንዲያደርግ የተመረጠው ሽማግሌ ወረቀቱን ዘረጋና፣ «የታላቁ ራስ ከፋች የሞማኚ ባለቤት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከጎኑ የቆመች ሴት» ብሎ ጀመረ። ደሜ ፈላ። ከጎኑ የቆመች! እናቴ ገሳሬ በሥራ ሰዓት ከአባቴ ጎን ቆማ አታውቅም። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የበሽተኛውን ራስ በጉልበቶቿ መካከል አድርጋ፣ በሁለት እጇ ጨምድዳ ትይዝ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት። ሰው ሲቀበር እንኳ የት እንደነበረ በትክክል አይነገርም?

ያን ቀን ለቅሶ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ለቅሶ ላይ አይደለሁም። እኔ ኬሩቦ ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጇ፤ ንዴቴንም የወረስኩት ከእሷ ነው።

በእኛ በጉሲዎች አገር ራስ መክፈት ጥንት የነበረ ሥራ ነው። ሰው ከዛፍ ይወድቃል፣ በዱላ ይመታል፣ ሻይ ቅጠል ተሸክሞ ቁልቁለት ያዳልጠዋል። ቁስሉ ይድንና ራስ ምታቱ አልለቅ ይላል። እንዲህ ሲሆን ራስ ከፋቹ፣ ኦሞባሪው ዘንድ ይወስዱታል። ኦሞባሪው የራስ ቆዳውን በትንሽ ቢላ ይሰነጥቃል፤ ደም የሚያቆም ቅጠል ጨምቆ ያንጠባጥብበታል፤ ከዚያ የተሰነጠቀውን አጥንት እስኪያነሳ ድረስ የራስ ቅሉን በቆልማማ መፋቂያ ቀስ እያለ ይፍቃል። ከሥሩ ያለውን የአንጎል ሽፋን አይነካም። አባቴ ሞማኚ ከኦሞባሪዎች ሁሉ ስመ ጥር ነበር። በኮረብታችን ላይ እሱ የከፈተው ራስ የሌለበት ቤት ካለ፣ እዚያ ቤት ዛፍ የሚወጣ ሰው የለም ማለት ነው።

ሥራው አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ ራስ የያዘ አይናገርም። የያዡ ድምፅ በእጁ በኩል አድርጎ ቅሉ ውስጥ ይገባል፣ የኦሞባሪውንም እጅ ያስታል ይባላል። እናቴ ባገባች በሦስተኛ ወሯ አማቷ ከበሽተኛ ራስ ጀርባ አስቀመጠቻትና፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አደራሽን» አለቻት። እናቴ ደግሞ ምላሷ ስለት ነበር። የበሰበሰ ሙዝ ከሥር የሚደብቁ ነጋዴዎች እሷ ስትመጣ ራሳቸው አውጥተው ይጥሉታል። እንዲህ ያለችው ሴት መፋቂያው አጥንት ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ድንጋይ ትሆናለች።

አፏ ዝም ይበል እንጂ እጇ ያዳምጥ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፤ ከጎተራ ላይ ወድቆ ዓመት ሙሉ ራሱን ያመመው ሰው መጣ። አባቴ ከግንባሩ በላይ ሊከፍት ቢላውን ሲያነሳ፣ የእናቴ አውራ ጣት ወደ ኋላ ሦስት ጣት ያህል ርቆ ያለውን ቦታ ሳያስበው ነካ። የሰውየው ማጅራት በእጇ ውስጥ ተወጠረ። ለቀቀችው፣ ላላ። እንደገና ነካችው፣ ተወጠረ። መናገር አትችልም። ስለዚህ ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ አውራ ጣቷን እዚያው ተክላ ጫነች። አባቴ ጣቷን አየ፤ ፊቷን ግን አላየም። ቢላውን አዛወረ። ስንጥቁ እዚያ ነበር፣ ፀጉር በመሰለች መስመር።

ሰዎቹ «እንዴት አወቅከው?» ሲሉት «አጥንቱ ራሱ ጠራኝ» አላቸው።

አጥንቱ ጠራኝ! ያችን ቃል አገር ሁሉ ተቀባበላት። «ሞማኚን አጥንት ይጠራዋል» እየተባለ ከሩቅ ወረዳ ይመጡ ጀመር። ከዚያን ቀን ወዲህ አባቴ ያችን አውራ ጣት ሳያይ ቢላ አንስቶ አያውቅም። እቤትም ቢሆን፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑም፣ አንድ ቀን ስለ እሷ አውርቶ አያውቅም። እኔ የፈላ ውኃ አቀብል ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። አንድ ጊዜ እናቴን ብጠይቃት፣ «ሥራሽን ሥሪ» ብላ ተቆጣችኝ። ንዴቷ ግን በእኔ አልነበረም።

ራሳቸውን ተመተው አንድ እግራቸውን የሚጎትቱም ይመጡ ነበር፤ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጡብ ሠሪ ነበር። የራሱ ጠባሳ በቀኝ፣ የሚጎተተውም ቀኝ እግሩ። አባቴ በጠባሳው በኩል ከፈተ፣ ምንም አልተገኘም፣ ሰውየው በሳምንቱ ሞተ። እናቴ ለወራት ስለ እሱ ታስብ እንደነበር አውቃለሁ፤ የዳጉሳ መስክ ውስጥ መኮትኮቻዋን ጥላ የራሷን ቅል በጣቷ ትዳስስ ነበርና። ሁለተኛው ሲመጣ ጠባሳውን ትታ እግሩ ከሚጎተትበት በተቃራኒ በኩል ጫነች። አባቴ አመነታ፤ ጣቷ አልነሳ አለ። ከፈተው፣ ሽፋኑን በጭንቀት በቢላው ጫፍ ነካው፣ የተቃጠለ ዘይት የመሰለ ደም ወጣ፤ ሰውየው በእግሩ ሄደ። ሦስተኛውም እንዲሁ። አባቴ በዕድሜው ሽፋን የነካው እነዚያን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ አዛዡ ያ ጣት ነበር።

ኦንቻሪ የሚባል ተማሪም ነበረው፤ ባለትዳር፣ እጁ የረጋ፣ ትሑት ሰው። ስምንት ዓመት አስተማረው። ቢላውን፣ ቅጠሉን፣ የመፋቂያውን አያያዝ፣ ስፌቱን፣ ሁሉንም። አንዲቷን ነገር ብቻ ደበቀው። «ቦታውን በምን ታውቃለህ?» ሲለው፣ «አጥንቱ ሲጠራህ ትሰማለህ» ይለው ነበር። ምስኪን ኦንቻሪ ጆሮውን ቀስሮ ስምንት ዓመት ጠበቀ።

ነጮቹ ሄደው ነፃነት ከመጣ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆን፣ አባቴ የወንድሙን የአጎቴን የኛሪቦን ቤት ቆርቆሮ ሲያለብስ ከጣሪያው ወደቀና የጭንቅላቱን ቀኝ ጎን ድንጋይ ላይ ተመታ። ተነሥቶ አፈሩን እያራገፈ፣ «አይዟችሁ፣ የራስ ከፋች ራስ አይከፈትም!» ብሎ አሳቃቸው። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ደረቀ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ራሱን ያመው ጀመር። ቀጥሎ የዳጉሳ ገንፎውን፣ ኦቦኪማውን፣ ጠቅልሎ ወደ አፉ ሲያደርስ ከቀኝ እጁ ይወድቅበታል። አንድ ቀን ከበረት ሲመለስ የሚጎትተው ቀኝ እግሩ ባዶ ነበር።

«የኬሩቦ አባት፣ በረባሶህስ?» አለችው እናቴ።

«አድርጌዋለሁ» አላት። እግሩን አየ፣ እሷን አየ። «በር... በሩን አስገቡት» አለ፣ ፍየሉን እያሳየ።

እናቴ የያዘችውን ሳህን መሬት አስቀመጠች። ያን ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ጡብ ሠሪውን እያየች ነበር።

አጎቴ ኛሪቦ ሰው ሰበሰበ፣ ኦንቻሪም የቢላና የመፋቂያ ከረጢቱን ይዞ መጣ። ጧት ነው፣ ግቢው ሞልቷል፣ አባቴ የሙዝ ቅጠል ላይ ተቀምጧል። ኦንቻሪ በሁለት እጁ የመምህሩን ራስ ዳሰሰ።

«ጠባሳው እዚህ ነው» አለ ቀኙን ይዞ።

«የሚጎተተው ቀኝ እግሩ ነው» አለች እናቴ። «በግራ ክፈተው።»

«እማማ፣ ጣሪያው በዚህ በኩል ሲያፈስ አንቺ የምትደፍኚው በዚያ በኩል ነው?» አላት ኦንቻሪ።

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ሳቁ!» አለች። «ጡብ ሠሪውንም በጠባሳው በኩል ነው የከፈታችሁት። የት አለ? አምጡትና አብሮን ይሳቅ!»

«ገሳሬ» አለ አጎቴ፣ የሚያባብል ሰው ድምፅ አድርጎ፣ «ወንድሜ ይህን ሰው ስምንት ዓመት ሲያስተምር አንቺን ጠይቆ ነበር? ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል። ራሱን ያዢልን እንጂ እናቴ።»

ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል! ይህን ተረት ያወጣው ሰው ራሱን እናቴ እጅ ላይ አስቀምጦ አያውቅም።

እናቴ አባቴ ፊት ተንበረከከች። «ንገራቸው» አለችው። «አንተ ንገራቸው፣ የኬሩቦ አባት።» እሱ ትክ ብሎ አያት። ያወቃት ይመስለኛል። አፉ ተከፈተ፣ «ፍየሉ... ፍየል...» አለ። ሰዎቹ ከሐዘን የተነሣ አንገታቸውን ደፉ።

ያን ጊዜ ልትናገር ትችል ነበር። «አጥንት ጠርቶት አያውቅም፣ የጠራው የእኔ ጣት ነው» ብትል አሥር ቃል አይሞላም። አላለችም። ራሱን መከላከል የማይችልን ባል በሕዝብ ፊት ማራቆት መሰላት። በዚህ እሷንም እናደድባታለሁ፤ ሞታም እናደድባታለሁ። እሱ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያራቁታት ማን አዘነላት?

ተቀመጠች፣ ራሱን በጉልበቶቿ መካከል ያዘች። ኦንቻሪ ቀኙን ሰነጠቀ። መፋቂያው ድምፁን ሲያሰማ የእናቴ አውራ ጣት በግራ በኩል፣ ከጆሮው በላይ ተተከለ። ጥፍሯ ነጣ። ኦንቻሪ ልብ አላለውም። ማየት እንዳለበት ማን ነግሮት! ጣቷን ጫነች፣ አነሣች፣ እንደገና ጫነች።

«እማማ፣ እባክሽ አታናውጪው!» አላት።

ያኔ የአባቴ ግራ እጅ ከመሬት ተነሣና የእናቴን አንጓ ያዘ። ጣቷ ያለበት ቦታ ላይ አጥብቆ ያዘ። እሱ ሰምቷታል! ከዓይኑ እንባ ወደ ጆሮው ወረደ። አጎቴ ግን «አሞት ነው፣ ያዙለት» አለና ሁለት ሰዎች እጁን አስለቅቀው መሬት ላይ ተጫኑት። እኔ የፈላ ውኃ ይዤ ከበላያቸው ቆሜያለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ አፍ አለኝ፣ ሁሉንም አይቻለሁ፤ አልተናገርኩም። ይህንን ሳልናገር የሌላውን ብቻ ባወራ ውሸታም እሆናለሁ።

አጥንቱ ነጭ ነበር። አንዲት ስንጥቅ የለበትም። ኦንቻሪ ላቡን ጠርጎ ሰፋውና፣ «አራት ቀን ይተንፍስ» አለ። የተከፈተ ሰው አራት ቀን ደጃፍ አይሻገርም፤ ይህም ደንብ ነው። ደንብ አላጣንም እኛ።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። እናቴ አልጋው ሥር ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ቆጠረች። በሦስተኛው ቀን ቀኝ እግሩን ብትቆነጥጠው አላወቀም። በአራተኛው ቀን ጧት አጥሚት ብታጎርሰው በአፉ ጎን ፈሰሰ፤ ዓይኑም አልተከፈተም። እናቴ ማንኪያውን ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

«ኬሩቦ! የሻይ ቅጠሉ ካሚዮን አልፏል?»

«ገና ነው።»

«በእግሩ በኩል ያዢ።»

አጎቴ በሩ ላይ ቆመ። «ገሳሬ! የተከፈተ ሰው ዛሬን ሳይጨርስ ደጃፍ አይሻገርም!»

«አንተ ተሻገርልኝ እንግዲያ!» ብላ በትከሻዋ ገፋችው፤ አጎቴ ዶሮዎቹ መካከል ተዘረጋ። እየሳቅኩና እያለቀስኩ አባቴን ተሸክመን ወጣን።

የካሚዮኑ ሾፌር፣ «ቅጠሉን ደም ከነካው ፋብሪካው አይቀበለኝም፤ አልጭንም» አለ። እናቴ ከፊት ጎማው ሥር ሄዳ ተኛች። «በል ንዳ» አለችው። ሾፌሩ ፈጣሪውን እየጠራ ወረደና ራሱ አግዞ ቅጠሉ ላይ አስተኛልን።

ቁልቁል በሚስዮኖቹ ሆስፒታል ዶክተር ማሲንዴ የሚባል ከሰሜን በኩል የመጣ ወጣት ሐኪም አገኘን። ፋሻውን ገልጦ አዲሱን ስፌት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ሰው ያረደው ማነው? እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምትተዉት? ሰው ዱባ ነው?»

«ስድቡን በኋላ ትጨርሰዋለህ፣ የት እሄድብሃለሁ?» አለችው እናቴ። «ቀኝ እጅና እግሩ ሞቷል። ንግግሩ ጠፍቷል። ደሙ ያለው በግራ ነው። እዚህ» አለችና አውራ ጣቷን ተከለች።

ሐኪሙ ባትሪውን አወጣ። ጎንበስ ብሎ የአባቴን የዓይን ቆብ አነሣ፣ በባትሪ አየ። የግራው ብሌን ከቀኙ ሰፍቶ ነበር። ቀና ብሎ እናቴን አያት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«እንዲህ ከተኛ አራት ቀን። እኔ ካወቅኩ ግን ብዙ ጊዜ ሆነኝ።»

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ አልተሳደበም፤ ሮጠ። በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ በግራ በኩል ሁለት ቀዳዳ በሳ። ደሙ ያው የተቃጠለ ዘይት የመሰለው ነበር። እናቴ ከበሩ ውጭ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ባዶ ጉልበቶቿ መካከል እንደያዘች ጠበቀች።

አባቴ ዳነ። ቆመ፣ በምርኩዝም ሄደ። ቀኝ እጁ ግን ደረቱ ላይ ታጥፎ ቀረ፤ ምላሱም አልተፈታም። ሰው የሚለው ሁሉ ይገባዋል፤ ሊናገር ሲል ግን የሌላ ነገር ስም ይመጣበታል፣ ወይም ምንም አይመጣም። ዶክተር ማሲንዴ እናቴን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ቀኙ በተከፈተበት ቀን ጧት አምጥተሽው ቢሆን እጁንም ምላሱንም ይዞ በተመለሰ ነበር» አላት። ማታለል አልፈለገም መሰለኝ። እኔ ግን ባይነግራት ደስ ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር አጎቴ ኛሪቦ ድግስ ደገሰ። አንድ ኦሞባሪ እጁ ሥራ ሲያቆም ከረጢቱን በሕዝብ ፊት ለተተኪው ያስረክባል። ፍየል ታረደ፤ ኮረብታው ሁሉ መጣ። ራሳቸው ላይ የአባቴ ጠባሳ ያለባቸው ብቻ ከሠላሳ ይበልጣሉ። አጎቴ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ የዳነው በተማሪው እጅ ነው» አለ። «ኦንቻሪ ቀኙን ከፍቶ መንገዱን ባያሳይ ኖሮ ያ የሰሜን ሐኪም ግራውን ከየት ያገኘው ነበር?»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀኙን ከፍቶ ግራውን አሳየ! ሰው ሲያበላሽ እንኳ የሚመሰገንበት አገር ነው። እናቴ ወጥ ታማስል የነበረችበትን ማማሰያ እንደያዘች መጣችና መሀል ቆመች።

«የኬሩቦ አባት» አለች። «ንገራቸው።»

ጭብጨባው ቆመ።

«ግራ ነው ያለ ማነው? ንገራቸው። የጎተራው ሰውዬ ጊዜ ማን ነበር? ያ ሁሉ ራስ ሲከፈት ማን ነበር? ንገራቸው እንጂ!»

አባቴ ታገለ። «አጥ... አጥንት...» አለ። ደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ተገተረ። «በር... በሩ...» ሌላ አልወጣውም።

«ሃያ ስድስት ዓመት ምላስ ነበረህ!» ብላ ጮኸችበት። ድምፅዋ ከኮረብታው ማዶ የሚሰማ ነበር። «ሃያ ስድስት ዓመት! አንድ ቀን፣ ለዚህ ለተማሪህ እንኳ፣ ጣቷን እያት ብትለው ምን ነበረበት? እጅህም ምላስህም ዛሬ አብረውህ ነበሩ!»

አጎቴ «ኧረ በሽተኛ ነው፣ ኧረ ነውር ነው» እያለ ሊይዛት ተነሣ። አባቴ ግን ከመቀመጫው ወደ ፊት አዘነበለና በደህናው በግራ እጁ የእናቴን እጅ ያዘ። ማማሰያው ወደቀ። አራቱን ጣቶቿን አጥፎ አውራ ጣቷን ብቻ አስቀረና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ወደ ራሱ አምጥቶ በግራ በኩል፣ ሐኪሙ በበሳው ጠባሳ ላይ አስቀመጠው። ተጫነው። ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ ተጫነው። ከዚያ አንገቱን አዙሮ ኦንቻሪን አየው።

ኦንቻሪ ከረጢቱን ለመቀበል ሁለት እጁን ዘርግቶ ነበር። እጆቹ ቀስ ብለው ወረዱ።

«አታናውጪው አልኳት» አለ። «ጣቷ ነበር። ሲጫን አይቼዋለሁ፤ እኔ... አታናውጪው አልኳት።» መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን ሸፈነ። ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች አንድ በአንድ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ።

እናቴ እጇን መንጭቃ አስለቀቀች።

«አሁን?» አለችው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ከረጢቱን ከአባቴ ጭን ላይ አንሥታ ኦንቻሪ ፊት ጣለችው። «ውሰደው፤ እኔ ብረት አልፈልግም። እግሩ የሚጎተት ሰው ከመጣብህ ግን እንዳትነካው፣ ወደ እኔ ላከው። ወደ ካሚዮኑ የማወጣው እኔ ነኝ። ራስ ስይዝም ከዛሬ ጀምሮ እናገራለሁ፤ ያልፈለገ ሌላ ያዥ ይፈልግ።» ማማሰያዋን አንሥታ አፈሩን በቀሚሷ ጠረገችና ወጧ እንዳያርርባት ወደ ማድቤት ሄደች።

አባቴ ግን ድግሱ እስኪበተን ድረስ ግራ እጁን ከራሱ ላይ አላወረደም። ጣቷ የነበረበትን ቦታ ይዞ ተቀምጦ ነበር።